ከነጩ ድንጋይ በታች

ባለፈው ሳምንት፣ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ፣ የዓዲ ሓቂ ሰፈር ወጣቶች የመንገዱን ጠርዝ ድንጋዮች ኖራ ሲቀቡ ዋሉ። በመካከላቸው አልፌ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነበር፤ ቤቴ ስል የተከራየሁትን አንድ ክፍል ማለቴ ነው፣ ቃሉን ገና አልለመድኩትም። ከወጣቶቹ አንዱ በባልዲው ውስጥ ባለው ኖራ ላይ ውሃ ሲጨምርበት ኖራው ተንጨረጨረ፣ ፈላ፣ ያ ጉሮሮ የሚከረክር፣ የራሰ ድንጋይ የሚመስል ሽታ ተነሣና እግሬን ያዘኝ። ወጣቱ ቀና ብሎ አይቶኝ፣ "አቦይ፣ ይለፉ እንጂ፣ ሱሪዎት ይነጣል" አለኝ። አለፍኩ። ሽታው ግን እስከ በሬ ድረስ ተከተለኝ።

በጋዜጠኝነት በኖርኩባቸው ዓመታት ሽታ ዜና ሆኖ አያውቅም። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ ብዬ እጽፋለሁ፤ የቀረውን ለሌሎች እተዋለሁ። ስለዚህ ይህንንም በዚያው ልማድ ልጀምረው። በዚህ ዓመት፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ መቐለ ውስጥ ያደግኩበትን ቤት ሸጥኩ። የገዙት ሰዎች ደጎች ናቸው። ቤቱ አይፈርስም። ሦስቱም እውነት ነው፤ ለጋዜጣ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይበቃ ነበር።

ቤቱን የሳለው አባቴ ነው። የመንገድ ሥራ ነዳፊ ነበር፤ ዕድሜውን የሌሎችን ድልድይና የፍሳሽ ቦይ ሲስል ከቆየ በኋላ፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ እናቴን እንዳገባ ለራሱ አንድ ነገር ሳለ። ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው የጠየቀውን ሁሉ "ከዝናቡ" ይለው ነበር፤ እናቴ ግን አስመራ በነበረበት ጊዜ ከአንድ የውጭ መጽሔት የቀደደው፣ የቤት ሥዕል ያለበት ገጽ ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር በአንድ ሣጥን እንደተቀመጠ ታውቃለች። የሌላው ሰው ጣሪያ መሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ያዘቀዝቃል። የእኛ ተቃራኒ ነበር፤ ሁለት የኮንክሪት ክንፎች ከዳርና ከዳር ተነሥተው ወደ መሐል ይወርዳሉ፣ ሲገናኙም አንድ ረጅም አሸንዳ ላይ ያርፋሉ። የሰፈሩ ሰው "የተገለበጠው ዣንጥላ" አለው፣ ስሙም ጸና፤ ትምህርት ቤት ስመዘገብ እንኳ መዝጋቢው አድራሻችንን ሰምቶ ሲያበቃ ብዕሩን አስቀምጦ፣ "የዣንጥላው ልጅ ነህ?" ብሎኛል።

ግድግዳው የመቐለ ጥርብ ድንጋይ ነው፣ ጧት ላይ አመድማ፣ ወደ ማታ ማር የሚመስል። በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በኩል ያለው ጎን ግን ግድግዳ አልነበረውም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ጥቁር ብረት ውስጥ የተሰካ መስታወት ነበር። እናቴ መጋረጃ ትፈልጋለች፣ አባቴ ኮረብታውን ይፈልጋል፤ ዓመት ሙሉ ከተከራከሩ በኋላ እናቴ ምግብ ስትበላ የምትቀመጥበትን ወንበር ጀርባውን ከመስታወቱ ውጭ ላለው መንገድ ሰጥታ ጉዳዩን በራሷ በኩል ዘጋችው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የመስኮቱን ብረቶች ጥላ፣ ጠጠር ገብቶበት በተወለወለው ወለል ላይ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጋ ትዘረጋዋለች፤ እኔና እኅቴ ለታይ በዚያ ላይ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወት ነበር። ጥላው እየተንቀሳቀሰ ስለሚሄድ ጨዋታው ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ተጀምሮ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ያልቅ ነበር።

አባቴ ሳለው እንጂ ቤቱን ያቆሙት ግንበኛው አቦይ ሓጎስ ናቸው። ንድፉን መጀመሪያ ሲያዩት ወረቀቱን አገላብጠው፣ "ጣሪያው በየትኛው በኩል ነው?" ብለው ሲጠይቁ አባቴ መቀለዳቸው ይሁን አይሁን አላወቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ጣት ሳያዛንፉ ሠሩት። ሥራው ሲያልቅ በሕይወታቸው ሙሉ ግድግዳ ያቀኑበትን የነሐስ ቱምቢ ከነገመዱ ለአባቴ ሰጡት። "እኔ አቁሜዋለሁ፣ ቀጥ ማለቱን ደግሞ አንተ ጠብቀው" አሉት። ቱምቢው ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቀለ፤ አባቴም በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ አውርዶ በአራቱም ማዕዘን ያንጠለጥለው ነበር። ያ ሾጣጣ ነሐስ መወዛወዙን እስኪተው ድረስ አራታችንም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። ከዚያ አባቴ "ደኅና ነው" ይላል፣ እናቴም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

የቤቱ ልብ ግን ከመሬት በታች ነበር። ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ግቢው ሥር ወዳለው ትልቅ ጉድጓድ ይገባል። በዚህ ከተማ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ለኖረበት ሰው አልነግረውም። የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ጉድጓዱ አይገባም፤ አሸንዳው ጫፍ ላይ ያለው የቆርቆሮ መዝጊያ ወደ መንገዱ ይዞርና ውሃው በአጥሩ ሥር ይወጣል፣ የሰፈሩ ልጆችም እግራቸውን ይታጠቡበታል። በሁለተኛው ዝናብ መዝጊያው ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ይህን ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር፤ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥልጣን ነው።

የጉድጓዱ ውስጥ በኖራና በሸክላ ዱቄት ተለስኗል። አቦይ ሓጎስ ይህ ልስን ከቶ መድረቅ እንደሌለበት ነግረውን ነበር፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ አይመለስም። ስለዚህ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው አንድ ነጭ ድንጋይ ከግድግዳው ወጣ ብሎ እንዲታይ ተከሉ። በጋው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ውሃ ከውጭ እየተሸከምን ብናመጣም፣ ባልዲ ከነጩ ድንጋይ በታች አይወርድም። በቤታችን ውስጥ ብዙ ሕግ ነበር፤ እናቴ ሁሉንም አንዳንዴ ትጥሳቸዋለች፤ ይህን ግን እሷም አልጣሰችውም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ለሥራ ከከተማ ወጥቷል፣ እናቴ ለታይን ይዛ ገበያ ሄዳለች። ቱምቢውን ከሚስማሩ አወረድኩና፣ እንደ አባቴ ነገር ለመለካት፣ የጉድጓዱን ክዳን ከፍቼ ወደ ውስጥ ሰደድኩት። ገመዱ ከጣቴ አመለጠ። ከታች ጥብ ያለውን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። በብረት መርገጫዎቹ ወረድኩ፤ ውሃው ነጩ ድንጋይ ላይ ነበር፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ ደግሞ ምንም አያሳይም። እጄን ሰድጄ ባጣው ጊዜ በባልዲ እየቀዳሁ፣ እየወጣሁና እየወረድኩ፣ ውሃውን በሙሉ የእናቴ ቃሪያ ላይ አፈሰስኩት። ቱምቢውን አገኘሁት። አጠብኩት፣ በሸሚዜ ጠርጌ ሚስማሩ ላይ መለስኩት፣ ማንም አላወቀም። ዝናቡ ሰሞኑን ይመጣል፣ ጉድጓዱም ይሞላል ብዬ አሰብኩ። ክዳኑንም ሳልዘጋው ቀረሁ፤ እናቴ ደጅ ደርሳ ነበር፣ ሲዘጋ የሚያሰማው ጩኸት ያጋልጠኛል ብዬ ፈራሁ። ውሃው ድንጋዩ ላይ ደርሶ ስለነበር እስከ ዝናቡ ድረስ ወደ ጉድጓዱ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

ዝናቡ በዚያ ዓመት ሦስት ሳምንት ዘገየ።

ሲመጣ አብዝቶ መጣ። መዝጊያውን እኔው አዞርኩ፣ ጉድጓዱ እስከ ግማሽ ሞላ፣ በማግሥቱ ጧት ግን የነበረው ውሃ ወደ ነጩ ድንጋይ ወርዶ ነበር። አባቴ አቦይ ሓጎስን አስጠራቸው። ሁለቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲቆሙ እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ አያቸው ነበር። አባቴ ወደ ቤት ገብቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀን፦ ከነጩ ድንጋይ በታች የቀዳ አለ? እናቴ የለም አለች፣ እውነቷን ነው። ለታይ ራሷን ነቀነቀች። እኔም የለም አልኩ።

አባቴ ተመልሶ ወጣ። ቁጣ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ስለዚህ የተናገረው ከቁጣ የከፋ ሆነ። "ጉድጓድ ነበር ያዘዝኩህ፣ ወንፊት ሰጠኸኝ" አላቸው። አቦይ ሓጎስ አልተከራከሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉድጓዱን አንድ ጊዜ አዩት፣ መልሰው አጠለቁት፣ ወጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በደጃችን ሲያልፉ አላየኋቸውም። ከተማዋ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች፤ የተገለበጠው ዣንጥላ ጉድጓድ እንደሚያፈስ ሳምንት ሳይሞላ ታወቀ፣ ጉድጓድ የሚያሠራ ሰውም ወደ ሌላ ግንበኛ መሄድ ጀመረ። አባቴ ቱምቢውን ከሚስማሩ አላወረደውም። ግን በመጣው መስከረም ግድግዳዎቹን አልለካም፣ በቀጣዩም። ዳግመኛ "ደኅና ነው" ሲል ሳልሰማ ሞተ።

አድጌ ጋዜጠኛ ሆንኩ፣ በሥራዬም ጥብቅ ነበርኩ። ስማቸው አንድ ፊደል የተሳሳተባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ወጣት ሪፖርተሮች ስሕተታቸውን የሚያርም ማስታወሻ ለማውጣት ሲያመነቱ፣ የሰው ስም በእጃችን ተበላሽቶ ማደር እንደሌለበት እነግራቸው ነበር። ይህን ስል ድምፄ አይንቀጠቀጥም። አቦይ ሓጎስ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፣ ቤታቸውም ከጋዜጣው ቢሮ በእግር ሩብ ሰዓት አይሆንም ነበር።

በጦርነቱ ዓመታት ቧንቧው ለሳምንታት ሲደርቅ እናቴ ጀሪካኖቿን ደርድራ ጉድጓዱ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። አርጅታለች፣ እግሯ አይታዘዝላትም፣ ውሃ ፍለጋ እኔ እወጣለሁ። አንድ ቀን ባዶ እጄን ስመለስ ወደ ተዘጋው ክዳን በምርኩዟ አመለከተችና፣ "ሓጎስ ባይበድለን ኖሮ እኮ ይኼኔ ውሃ ነበረን" አለችኝ። እኔ ያን ቀን ዘጠኝ ዓመቴ አልነበረም፤ ጸጉሬ ሸብቷል። ጀሪካኑን አስቀምጬ ነገ በጊዜ እወጣለሁ አልኳት። አምና ሞተች።

ቤት ለሁለት አይከፈልም። ለታይ ሐዋሳ ትዳር ይዛለች፤ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ያ ሁሉ መስታወትና ያ ሁሉ ክፍል ለአንድ ሰው ብዙ ነው። እንደምንሸጥ ሲሰማ የመጡት ሰዎች ቤቱን አላዩትም። አንደኛው ግቢውን በእርምጃ ለካና ወጣ። ሌላው ለማፍረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። ለታይ በስልክ፣ "ኣያ ተስፋይ፣ ለሚያፈርሰው ከሸጥከው ዓይኔን አታየውም" አለችኝ፤ እንደማታደርገው ባውቅም ቃሏን ያዝኩት።

ከዚያ ሰይድና ዘይነባ መጡ። ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። ሰይድ ከወሎ የመጣው በወጣትነቱ ነው፤ መጀመሪያ የሠራው ድንጋይ መጫንና ማራገፍ ነበር። "ወላሂ ጋሼ፣ ከመኪናው ላይ ሆኜ ይቺን ቤት ሳያት፣ ይቺ ልትበር ነው እል ነበር" አለኝ። ዘይነባ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ መስታወቱ ፊት ቆመች፣ ኮረብታውን አየች፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ፣ "ዝናብ ሲጥል ይኼ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል?" ብላ ጠየቀች። ከመጡት ሁሉ ይህን የጠየቀች እሷ ብቻ ነበረች። ቤቱ የሷ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅኩ።

ጉድጓዱን አሳየኋት፣ እንደሚያፈስም ነገርኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። "አብሽሩ፣ ይሠራል" አለች፤ ሳምንት ሙሉ ሰው ስትጠይቅ ከርማ በከተማው የኖራ ልስን የሚያውቅ አንድ ግንበኛ እንደቀረ ሰምታ ይዛው መጣች። ኪዳነ ይባላል። በሩን አልፎ እንደገባ ጣሪያውን ሳይሆን ጉድጓዱን ነበር የፈለገው፤ አካሄዱን ሳይ የማን ልጅ እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

በብረት መርገጫዎቹ ወርዶ ቆየ። ሲወጣ ጉልበቱን እያራገፈ ለሰይድ፣ "የአባቴ እጅ ነው" አለው። "ጥፋቱ የኖራው ነው። አባቴ ኖራውን በወንፊት አንዴ ብቻ ነበር የነፋው፤ ሁለቴ ቢነፋው ኖሮ አይሰነጠቅም ነበር። እስኪሞት ይህንን ነበር የሚነግረን። ያ ቤት አንድ ቀን ከተከፈተልህ ጉድጓዱን ሥራልኝ ብሎ አደራ ሰጥቶኛል። ስለዚህ ለእጄ ምንም አልቀበልም።"

ሰይድ እንዲህማ አይሆንም ብሎ መከራከር ጀመረ። "ኪዳነ፣ ስማኝ" አልኩት፤ ነገሩንም እንደ ዜና፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቱምቢውን፣ ጭቃውን፣ ቃሪያውን፣ ክዳኑን፣ አባቴ የጠየቀንን፣ የመለስኩትን፣ ምንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ዘይነባ አፏን በሻሿ ያዘች። ኪዳነ እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ በአውራ ጣቱ እየፈቀፈቀ ይሰማኝ ነበር።

"ስንት ዓመትህ ነበር?" አለኝ።

"ዘጠኝ።"

"እኔ አሥራ አንድ ነበርኩ።" ቀና አላለም። "ከዚያ ክረምት በኋላ ኖራ የምነፋው እኔ ሆንኩ። ሁለት ሁለት ጊዜ። ሌላው ግንበኛ ሁሉ አንዴ ነው የሚነፋው፤ ይስቁብኝ ነበር። ዓይኔ እስከ ዛሬ ነፋስ ሲነካው ያለቅሳል።"

ሰይድ፣ "እንግዲያ ከዛሬ ወዲያ አንዴ ይበቃሃላ፣ ወንድሜ" አለ።

"እጄ እምቢ ይለኛል" አለ ኪዳነ፣ ትንሽም ፈገግ አለ። ወደ እኔ ሲዞር ግን ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። "አባቴ በሕይወት እያለ ብትመጣ ጥሩ ነበር" አለኝ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ባወጣው ለእሱ ሳይሆን ለራሴ እንደሚሆን ስለገባኝ አላወጣሁትም። ወደ ቤት ገብቼ ቱምቢውን ከበሩ ጀርባ አውርጄ ሰጠሁት። ገመዱን ፈታ፣ በጥርብ ድንጋዩ ማዕዘን ላይ አንጠለጠለው፣ ነሐሱ መወዛወዙን እስኪተው ጠበቀ። አራታችንም ጠበቅን። ከዚያ ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፤ ያየውን አልተናገረም፣ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ጉድጓዱን በሁለት ሳምንት ሠራው። ግቢው በኖራ ሽታ ተሞልቶ ሰነበተ፤ ኪዳነ አፉን በጨርቅ አስሮ፣ አንዴ የነፋውን መልሶ ወንፊቱ ላይ ሲያፈስ አየሁት። ውሃ እየቀዳሁ ሳቀብለው አልከለከለኝም፣ አላመሰገነኝምም።

ውሉን በግንቦት ተፈራረምን። ዘይነባ መስታወቱ ላይ መጋረጃ እንደማትሰቅል፣ ሰይድ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ እንደማይደርብ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ከዚያ ዘይነባ የቤቱን ሕግ በወረቀት ጻፍልኝ አለችኝ። አንድ ገጽ ጻፍኩላት፦ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ መንገድ ይወጣል፤ በሁለተኛው መዝጊያው ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ባልዲ ከነጩ ድንጋይ በታች አይወርድም። ከሥሩ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። "ይህን ቤትና ጉድጓዱን የሠሩት ግንበኛው ሓጎስ ናቸው። ጉድጓዱ የተሰነጠቀው በሥራቸው ጉድለት አይደለም። የዚህ ቤት ልጅ የሆነው ተስፋይ ውሃውን ጨርሶ ቀድቶ ስላደረቀው ነው።" ዘይነባ አንብባው፣ አጣጥፋ አላስቀመጠችውም። ቱምቢው ተሰቅሎበት በነበረው ሚስማር ላይ ሰካችው። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እጅግ ጥቂት አንባቢ ያለው እሱ ነው፣ እጅግ የዘገየውም።

ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ የክረምቱ ሁለተኛ ዝናብ ጣለ። ክፍሌ ውስጥ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ሲንኳኳ መነጽሬን አወለቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ጫማዬን አጠለቅኩ፣ መዝጊያውን ላዞር እስከ በሩ ድረስ ሄድኩ። እጄን እጀታው ላይ አድርጌ ቆምኩ። የማዞረው መዝጊያ አልነበረኝም። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው በር ላይ ቆይቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ትናንት ጧት ዘይነባ ደወለች። "ጋሼ፣ እንደ ጻፍክልኝ ሁለተኛውን አስገባሁት። ማታ ውሃው የደረሰበት ላይ በኖራ ምልክት አድርጌ አድሬ ነበር፤ ጧት ባየው ውሃው ምልክቱ ላይ ነው" አለች። ከኋላዋ የሰይድ ድምፅ፣ "ጣት አልጎደለም በይው" ሲል ይሰማል።

እግዚአብሔር ይስጥሽ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ለለታይ ደወልኩ፤ ጥቂት አለቀሰች። ውሃው አለመጉደሉን ልነግራቸው የሚገባኝ ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አባቴ፣ እናቴና አቦይ ሓጎስ። ስልኩን እንደያዝኩ ትንሽ ቆይቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።